ጨረቃ፣ ማርስ ወይስ እዚሁ? ከምድር ውጭ ቤት ለሚያማርጥ ሰው

ደላላ ቤት ሲያሳይ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከበረንዳው ነው። ሁለት ሦስት ቤት የቀያየረ ተከራይ ግን ምን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ቆጣሪው የግል ነው የጋራ? ክረምት ሲገባ መኪና እዚህ ድረስ ይወጣል? ሌሊት ሰው ቢታመም ሐኪም ቤት በስንት ደቂቃ ይደረሳል?

ስለ ማርስ የሚሣሉት ሥዕሎችም ከበረንዳው ነው የሚጀምሩት። የመስታወት ጉልላት፣ ውስጡ ለምለም አትክልት፣ ከጀርባው ቀላ ያለ ሰማይ። በዚህ ጽሑፍ ያሉትን አማራጮች በተከራይ ዓይን እያየሁ ላወዳድር ነው። ዓመቶቹን በሙሉ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

በቅድሚያ ግን አንድ ነገር እንለይ። «የሰው ልጅ ወደ ሌላ ፕላኔት ይሂድ ወይስ አይሂድ?» የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ መቋጫ የሚያጣው ሁለት ጉዳይ በአንድ ገመድ ስለሚታሰር ነው። መጓዝ ማለት ሄዶ፣ ሠርቶ፣ መመለስ ነው። መስፈር ማለት ግን ሄዶ፣ ወልዶ፣ እዚያው መቀበር ነው። የመጀመሪያውን እደግፋለሁ፤ ሁለተኛውን ግን ገና አልደግፍም። ለምን እንደሆነ ከታች አለ።

ዋናው መመዘኛ

አየር፣ ውሃ፣ መብራት፣ ጨረርና ስበት ሁሉም ይመዘናሉ። ከሁሉም የማስቀድመው ግን ነገር ሲበላሽ ቤት ለመግባት ስንት ቀን ይፈጃል የሚለውን ነው።

ኤፕሪል 1970 አፖሎ 13 ወደ ጨረቃ ሲጓዝ፣ ከምድር ከ300 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሳለ የኦክስጅን ታንኩ ፈነዳ። ሦስቱ ጠፈርተኞች ለሁለት ሰው፣ ለሁለት ቀን ያህል በተሠራችው የጨረቃ ማረፊያ ጀልባ ውስጥ ተጨናንቀው፣ በብርድ እየተንቀጠቀጡ፣ አራት ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ አረፉ። ከሞት ያተረፋቸው ብልሃታቸው ብቻ አይደለም፤ መንገዱ አጭር መሆኑም ጭምር ነው። ያው ፍንዳታ በማርስ መንገድ ላይ፣ በሦስተኛው ወር ቢደርስ የሚተርክልን ሰው ባልኖረ ነበር።

ቅርብ መሆን ብቻውን እንኳ ዋስትና አይሆንም። ጁን 2024 ሁለት አሜሪካውያን ጠፈርተኞች ለስምንት ቀን ያህል ብለው ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ወጡ። የሄዱበት መንኩራኩር ችግር ስለገጠመው የተመለሱት ማርች 2025 ነው፤ 286 ቀን ቆዩ። ጣቢያው ያለው ከመሬት 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ እንኳ የመኪና መንገዱ ከዚህ ብዙ አያንስም።

የጨረቃ ቤት

በእኛ አገር «የጨረቃ ቤት» የሚባለው ሌሊት ተሠርቶ ሲነጋ ቆሞ የሚገኝ፣ ካርታ የሌለው ቤት ነው። እውነተኛው የጨረቃ ቤትም ካርታ አይኖረውም። የ1967ቱ የህዋ ስምምነት ማንም መንግሥት ጨረቃን ሆነ ሌላ የሰማይ አካል «የግዛቴ አካል ነው» እንዳይል ይከለክላል። በኢንተርኔት የጨረቃ ቦታ እየሸነሸኑ የሚሸጡ ሰዎች የሚሰጡት ወረቀት ግድግዳ ላይ ለመስቀል ያምር ይሆናል።

ጨረቃ በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ መንገዱ የሦስት ቀን ነው። ድምፅ በሬዲዮ ለመድረስ 1.3 ሰከንድ ይበቃዋል፤ ስለዚህ ከእናት ጋር በስልክ መጨዋወት ይቻላል፤ ትንሽ ይዘገያል እንጂ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ከ1969 እስከ 1972 ባለው ጊዜ 12 ሰዎች ረግጠዋት ተመልሰዋል።

የመብራቱ ነገር ግን ያስቸግራል። የጨረቃ ሌሊት የእኛን 14 ቀን ያህል ነው። በወገቧ አካባቢ ቀን ወደ 120 ዲግሪ የሚደርሰው ሙቀት ሌሊት ከዜሮ በታች 130 ይወርዳል። የህንዷ ቻንድራያን 3 ኦገስት 23 ቀን 2023 በደቡብ ዋልታው አቅራቢያ በሰላም አርፋ ሁለት ሳምንት ያህል ጥሩ ሠራች፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ተኛች፤ ሲነጋ ሊቀሰቅሷት ቢሞክሩ አልነቃችም። አገሮች ሁሉ ደቡብ ዋልታውን የሚሻሙት ከዚህ የተነሣ ነው። ቻንድራያን ካረፈችበት አልፎ፣ ዋልታው ጋ፣ ፀሐይ ብዙ የማትለያቸው ጉብታዎች አሉ፤ ከአጠገባቸው ደግሞ ብርሃን ጨርሶ የማይገባባቸው ጉድጓዶች፣ ውስጣቸውም በረዶ። 2009 ናሳ ሆን ብሎ የሮኬት ቅሪት ከአንዱ ጉድጓድ ጋር ሲያላትም በተነሣው ብናኝ ውስጥ ውሃ ተገኝቷል።

ስለ ጨረቃ ብዙ ሰው የማያነሣው ጣጣ አቧራው ነው። ነፋስና ጎርፍ ስለሌለ የአቧራው ቅንጣት ተንከባሎ አይለዝብም፤ እንደተሰበረ ብርጭቆ ስለቱ እንዳለ ይቀራል። ጓንት ይበላል፣ ማያያዣ ይደፍናል፣ ልብስ ላይ ተጣብቆ ቤት ይገባል። የአፖሎ ሰዎች የተቃጠለ ባሩድ ይሸታል ይሉ ነበር፤ ከአፖሎ 17 ተጓዦች አንዱ የሆነው የከርሰ ምድር ባለሙያ ሃሪሰን ሽሚት ደግሞ አቧራውን ሲተነፍስ አፍንጫው ተዘግቶ እንደ ጉንፋን ያለ ነገር ይዞት ነበር። ያውም በሦስት ቀን ቆይታ።

ማርስ፦ በረንዳው የሚያምር ቤት

ማርስን የሚወዷት ሰዎች ምክንያት አላቸው። ቀኗ 24 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ነው፤ እንቅልፍ አያዛባም። በረዶ አላት፤ ፊኒክስ የተባለችው መሣሪያ 2008 አፈሩን ጫር አድርጋ ከሥሩ አግኝታለች። አየሯ 95 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሆነ ኦክስጅን ሊወጣው ይችላል። ከጨረቃ ጋር ሲተያይ ሀብታም ሰፈር ነው።

አሁን ወደ ኩሽና እንግባ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ንፍሮ ከአዋሽ ይልቅ ሸገር ላይ የሚዘገየው ለዚህ ነው። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ ውሃም ሳይግል ይፈላል። የማርስ የአየር ግፊት ከምድር ባህር ወለል ግፊት አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። እዚያ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ቀድቶ ደጅ ማስቀመጥ አይቻልም፤ ወይ ይቀዘቅዛል ወይ ወዲያው ይፈላል። በሰው ገላ ላይ ያለው እርጥበትም እንዲሁ፤ ምራቅና እንባ ይፈላል። ስለዚህ ግፊት ጠባቂ ልብስ ሳይለብሱ ደጅ ብቅ ማለት የለም፤ የበሩ ጎማ ከተቀደደ ደግሞ ቤቱም ቤት አይደለም።

አፈሩ ላይ ድንች እንተክላለን የሚሉም አሉ። ይኸው ፊኒክስ አፈሩ ውስጥ ፐርክሎሬት የተባለ ጨው አግኝታለች። ፐርክሎሬት እንቅርት ዕጢ አዮዲን እንዳይወስድ ያግዳል። አዮዲን ሲጎድል ምን እንደሚሆን በደጋው አገር ያደገ ሰው ከመጽሐፍ ማንበብ አያስፈልገውም፤ የአያቶቻችን አንገት ላይ አይተነዋል። አፈሩ ታጥቦ ይጸዳል፤ አዎ፣ ለማጠቢያ ግን ውሃ ያስፈልጋል፤ ለውሃው በረዶ መቆፈር፣ ለመቆፈሩ ኃይል፤ ለኃይሉ ደግሞ ፀሐይ ናት፣ እርሷም እዚያ ስትደርስ ብርሃኗ እኛ ዘንድ ካለው ግማሽ አይሞላም። 2018 በተነሣው የአቧራ ማዕበል ኦፖርቹኒቲ የተባለችው ተሽከርካሪ ኃይል አጥታ በዚያው ዝም ብላለች።

ጨረሩ ሌላ ነው። ማርስ እንደ ምድር ያለ፣ ፕላኔቱን ሁሉ የሚሸፍን መግነጢሳዊ ጋሻ የላትም፣ አየሯም ስስ ነው። ኪዩሪዮሲቲ የተባለችው የማርስ ተሽከርካሪ በመንገድ ላይ በቀን 1.8 ሚሊሲቨርት (የጨረር መለኪያ ነው)፣ መሬቱ ላይ 0.67 ሚሊሲቨርት ገደማ ለክታለች። ሄዶ፣ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ቆይቶ የሚመለስ ሰው ወደ 1,000 ሚሊሲቨርት ይደርሳል። ናሳ ለአንድ ጠፈርተኛ ለዕድሜ ልኩ የፈቀደው 600 ነው። መድኃኒቱ መሬት ውስጥ መግባት ነው፤ ከላይ ጥቂት ሜትር አፈር። እንግዲህ የመስታወት ጉልላቱ ቀረ ማለት ነው። የማርስ ሰፈር ከመጣ፣ መልኩ ከሥዕሎቹ ይልቅ ወደ ላሊበላ ይቀርባል፦ አለት ፈልፍሎ መግባት።

አየሩን እዚያው ማምረት ተሞክሯል። ፐርሲቪራንስ በተባለችው ተሽከርካሪ ላይ የተገጠመችው ሞክሲ የምትባል መሣሪያ ከ2021 እስከ 2023 በ16 ሙከራ 122 ግራም ኦክስጅን ከማርስ አየር አውጥታለች። እኔ ይህንን ትልቅ ድል ነው እላለሁ፤ ሰው በሌላ ፕላኔት ከአየሩ ኦክስጅን ሲያወጣ የመጀመሪያው ነው። ግን ሂሳቡን እንሥራ። አንድ ሰው በቀን 840 ግራም ገደማ ይተነፍሳል። የሁለት ዓመቱ ምርት ለአንድ ሰው ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ነው።

ተዘግቶ የመኖሩ ነገር ደግሞ ምድር ላይ ተፈትኗል። አሪዞና ውስጥ ባዮስፌር 2 በተባለ ግዙፍ የመስታወት ቤት ስምንት ሰዎች ከ1991 እስከ 1993 ገብተው ተዘጉ። እርሻ ነበራቸው፣ ፍየልና ዶሮ ነበራቸው፣ ትንሽ ባህር ሳይቀር ነበራቸው። አየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ግን ቀስ በቀስ ከ21 በመቶ ወደ 14 ተኩል ገደማ ወረደ፤ የባሌ ተራሮቹ ሳነቴ ላይ ወጥቶ እንደመኖር ማለት ነው። ደረጃ መውጣት አቃታቸው። ምክንያቱ ለማግኘትም ጊዜ ወስዷል። በለማው አፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ነፍሳት ኦክስጅኑን ይበሉ ነበር፤ የሚያወጡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ የሲሚንቶው ግድግዳ እየመጠጠ ደበቀው። በመጨረሻ ከውጭ በመኪና ኦክስጅን መጣላቸው። ማርስ ላይ ያ መኪና የለም። ከምድር ወደ ማርስ ጥሩ የመነሻ ጊዜ የሚገኘው በየ26 ወሩ ነው፤ ከተነሡ በኋላም ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር መንገድ አለ። መልእክት እንኳ፣ ፕላኔቶቹ ሲራራቁ፣ ለአንድ ጉዞ ከ20 ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል።

ሰው ወይስ ማሽን?

እዚህ ላይ ለተጓዦች ወገን ጠንካራ ማስረጃ አለ። ሽሚትና ባልደረባው በ1972 በሦስት ቀን ውስጥ ጨረቃ ላይ በመኪና ወደ 35 ኪሎ ሜትር ነድተዋል፤ ብርቱካናማ አፈር ሲያዩ ቆም ብለው ቆፍረው ወስደዋል። ኦፖርቹኒቲ 45 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ከ14 ዓመት በላይ ፈጅቶባታል። ሰው ቶሎ ያያል፣ ቶሎ ይወስናል።

ማሽን ግን ምግብ አይጠይቅም፤ መመለሻም አያስፈልገውም። መመለሻ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማወቅ፦ ከማርስ ጥቂት የድንጋይ ናሙና ብቻ ለማምጣት የታቀደው ሥራ ወጪው እስከ 11 ቢሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ናሳ 2024 ላይ ተናግሯል። ወደ 5 ቢሊዮን ዶላር እንደወጣበት ከሚነገረው የህዳሴ ግድብ እጥፍ ይበልጣል። ድንጋዩ አይተነፍስም፣ አይበላም።

ማሽንን የምመርጥበት ሌላ ምክንያት ዳሎል ነው። አፋር ውስጥ፣ ከባህር ወለል በታች ያለው ያ ቢጫና አረንጓዴ የአሲድ ኩሬ ለጥንቷ ማርስ ምሳሌ ይሆናል ተብሎ ሳይንቲስቶች ይመላለሱበታል። 2019 አንድ ቡድን በኩሬው ዝቃጭ ውስጥ እጅግ ጥቃቅን የሕይወት ምልክት አገኘሁ አለ። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን በጣም አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት የለም፣ የተገኘ ቢኖር ከውጭ የገባ ብክለት ሊሆን ይችላል አለ። በእጃችን የምንነካው፣ ከመቀሌ በመኪና የሚደረስ ቦታ ላይ እንኳ ይህ ክርክር ከተነሣ፣ ቆዳውና አንጀቱ በባክቴሪያ የተሞላ ሰው ማርስ ላይ ከወረደ በኋላ የሚገኘውን ነገር «የማርስ ነው» ብሎ የሚምል ማን ነው? ሰው ከመውረዱ በፊት ማሽን ፍለጋውን ይጨርስ።

የቀሩት ቤቶች

በምድር ዙሪያ መንሳፈፍ ብዙ ሰው የማይቆጥረው፣ ግን ብቸኛው የተኖረበት አማራጭ ነው። ዓለም አቀፉ ጣቢያ ከኖቬምበር 2 ቀን 2000 ጀምሮ ሰው ተለይቶት አያውቅም። ከላብ፣ ከትንፋሽና ከሽንት 98 በመቶ የሚሆነውን ውሃ መልሶ ማጣራት ተችሏል። ክፍያው በአጥንት ነው፤ ስበት ሳይሰማው የሚኖር አካል በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ የአጥንት ጥግግት ሊያጣ ይችላል፤ ስለዚህ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ስፖርት ግዴታ ነው።

ቬነስ መሬቷ 465 ዲግሪ ይግላል፣ ግፊቷ ከምድር 90 እጥፍ ያልፋል። የሶቪየቷ ቬኔራ 13 በ1982 ወርዳ 127 ደቂቃ ቆየች፤ እንደ ጀግና ትቆጠራለች። ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ግን ሙቀቱም ግፊቱም ለምድር ይቀርባል፤ ሶቪየቶች በ1985 ያንሳፈፏቸው ሁለት ፊኛዎች እዚያ ሁለት ቀን ገደማ ዞረዋል። ደመናው ሰልፈሪክ አሲድ መሆኑን ካልቆጠርነው ጥሩ ነው። እኔ መሬት የማይረገጥበት አገር አገር አልለውም።

የሳተርን ጨረቃ ታይታን አየሯ ወፍራም ስለሆነ ከጨረር ትከልላለች፣ ግፊት ጠባቂ ልብስም አያስፈልግም። ብርዱ ከዜሮ በታች 179 ነው። ካሲኒ የተባለችው መንኩራኩር ሳተርን ለመድረስ ሰባት ዓመት ፈጅቶባታል። እንለፋት።

«ምድር ብትጠፋስ?»

ለሰፈራ የሚቀርበው ትልቁ ክርክር መጠባበቂያ ነው። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት የወደቀው አለት ዳይኖሰሮችን እንደጨረሰ ሁሉ እኛንም አንድ ቀን ቢጨርሰን፣ ሌላ ቦታ ዘር ይቀራል ይላሉ። ክርክሩን አልንቀውም። ነገር ግን ያ አለት በወደቀ ማግስት እንኳ ምድር የሚተነፈስ አየር ነበራት፣ የሚፈስ ውሃ ነበራት፣ በቂ ግፊት ነበራት፤ ማርስ በጥሩ ቀኗ የሌላትን ሁሉ። አለቱን ራሱን መግፋትም ይቻላል። ሴፕቴምበር 2022 ዳርት የምትባል መንኩራኩር ዲሞርፎስ ከተባለች፣ ሌላ ትልቅ አለት ከምትዞር ትንሽ አለት ጋር ሆን ብላ ተጋጭታ፣ አለቷ አንድ ዙር የምትጨርስበትን ጊዜ ከ30 ደቂቃ በላይ አሳጥራለች። ሥራው በጠቅላላ የፈጀው ከ400 ሚሊዮን ዶላር በታች ነው። ጣሪያ ከመጠገን ይልቅ ሌላ ክፍለ ሀገር ቤት መሥራት የሚመርጥ ሰው ብዙ ገንዘብ ሊኖረው ይገባል።

ሰፈራ ስንል

«ሰፈራ» የሚለው ቃል እኛ ጆሮ ላይ ታሪክ አለው። በ1977 እና 78 ዓ.ም. ከድርቁ በኋላ ደርግ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ መተከል፣ ጋምቤላ፣ ወለጋና ኢሉባቦር አጓጓዘ። መሬቱ ለም ነው ተባለ፤ ለምም ነበር። የደጋው ሰው ግን ወባ አያውቅም፤ በሬውም ገንዲ አያውቅም። ብዙ ሰው አለቀ። በእርግጥ እዚያ ሰው ተገድዶ ነበር፤ ወደ ማርስ የሚሄደው ወዶ ይሆናል። የመጀመሪያው ሰው ወዶ ይሄዳል፤ እዚያ የሚወለደው ልጁ ግን ማንም አልጠየቀውም።

ይህ ልጅ ነው የእኔ እንቅፋት። የምናውቀው የምድርን ሙሉ ስበትና የጠፈር ጣቢያውን ክብደት አልባ ኑሮ ነው። በጨረቃ ስበት፣ ማለትም በእኛ አንድ ስድስተኛ፣ ማንም ከሦስት ቀን ብዙ አልፎ አልቆየም። በማርስ 38 በመቶ ስበት አንድም ሰው ኖሮ አያውቅም። ጽንስ ይቆማል? አጥንቱ ይጠነክራል? ካደገስ በኋላ የአያቱን አገር ለማየት ቢመጣ፣ እዚህ በእግሩ መቆም ይችላል?

ስለዚህ ምርጫዬ እንዲህ ነው። ለጉዞ ጨረቃ፤ በተለይ ደቡብ ዋልታው፣ በፈረቃ፣ ልክ አንታርክቲካ ላይ ሳይንቲስቶች እንደሚመላለሱት። ለማርስ ለጊዜው ማሽን። ለሰፈራ ደግሞ የትም። ሐሳቤን የሚያስቀይረኝ ነገር ቢኖር ጨረቃ ላይ አይጦች ሦስት ትውልድ ወልደው ቢያሳዩኝ፣ ከዚያም አየርና ውሃ የሚያጣራ ማሽን ሦስት ዓመት መለዋወጫ ሳይላክለት ቢሠራ ነው።

ከሁሉም ሩቅ የሆነውን አማራጭ ረስቼ እንዳልወቀስ፦ 2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበር ለየአገሩ አንድ ኮከብና ፕላኔት የመሰየም ዕድል ሲሰጥ፣ ኢትዮጵያ ኮከቡን ቡና፣ ፕላኔቱን አቦል ብላዋለች። አቦል ከጁፒተር በብዙ እጥፍ የሚከብድ የጋዝ ፕላኔት ስለሆነ የሚቆምበት መሬት የለውም፤ የሚገኘውም ወደ 200 የብርሃን ዓመት ርቆ ነው። በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር በሚከንፈው ቮዬጀር 1 ብንሄድ ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በላይ ይፈጃል። እስክንደርስ ቡናው ይቀዘቅዛል።